የአያት እሹሩሩና የኮምፒውተሩ ቆጠራ

ከእናንተ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኪቦርድ ዋጋና ስለ ልጆች የልምምድ ሰዓት ናቸው። ሰሞኑን የደረሰኝ ግን ለየት ይላል። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ኪቦርድ ትማራለች፤ ኖታም ታነባለች። የልጅቷ አያት ሰባቱንም ልጆቻቸውን ያስተኙበት አንድ እሹሩሩ አላቸው። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ከሌላ ሰው ሲዜም ሰምተው አያውቁም። አሁን ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸውም እየደከመ ነው። አሜሪካ ያለችው የልጅቷ አክስት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ወራት ቀርተዋታልና፣ ቤተሰቡ ዜማው በኖታ ተጽፎ እንዲላክላት ወሰነ። ሥራው ለልጅቷ ተሰጣት።

ልጅቷ ሚዩዝስኮር የተባለውን የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ላፕቶፑ ላይ ጫነች (በነፃ የሚገኝ ነው)፤ የአያቷን ድምፅ በስልክ ቀዳች፤ እየሰማች ጻፈች። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ዜማውን መልሶ ሲያጫውተው በየስንኙ መጨረሻ ትንሽ ዝም ይላል። አያትየው ሰምተው፣ «እዚህ ጋ እኮ ልጁ ነቃ» አሉ። ልጅቷ ዝምታውን ስታጠፋው ደግሞ ኖታው በሙሉ ተንሸራተተ። ሁለተኛው ስንኝ ከባሩ መሀል ጀመረ፤ ሦስተኛው ሌላ ቦታ ላይ ወደቀ። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ እናቴ ምት ይስታሉ?»

ሁለቱም አይደለም። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል፤ አያትየውም የሚያዜሙትን አሳምረው ያውቁታል። ያልተነጋገሩት እነሱ ናቸው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በኖታ ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ያለችው ክፍል ባር ትባላለች። መጀመሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች (ታይም ሲግኔቸር የሚባሉት፣ እኔ የምት ቁጥር እላቸዋለሁ) አንድ ባር ስንት ምት እንደምትይዝና ምቱ በምን ዓይነት ኖታ እንደሚቆጠር ይናገራሉ። 3/4 ከሆነ ሦስት ሩብ ኖታ፣ 2/4 ከሆነ ሁለት። ለሶፍትዌሩ ባር እንደ ቁና ናት። ጎድሎ ካገኛት በእረፍት ምልክት ይሞላታል፤ ከሞላች በኋላ የተረፈውን ወደሚቀጥለው ባር ያፈሰዋል፤ ረጅም ኖታ ከሆነም ለሁለት ቆርጦ በቅስት ያያይዘዋል። ሌላ ነገር ካልነገርነው በስተቀር እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በዚያው ቁና ይሰፍራል።

እናትየው የላኩልኝን ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት፤ እግሬን እየመታሁ ቆጠርኩት። እያንዳንዱ ስንኝ ሦስት ሦስት ምት ያላቸው ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ከዚያ የመጨረሻዋ ፊደል ሁለት ምት ብቻ ትያዝና ወዲያው የሚቀጥለው ስንኝ ይነሳል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። ድምሩ 11 ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ 3/4 ብላ ነው የጀመረችው፤ ጆሮዋ አልዋሻትም። ግን 11 ለሦስት አይካፈልም። ስለዚህ ሁለተኛው ስንኝ በአራተኛው ባር ሦስተኛ ምት ላይ ይጀምራል። ሦስተኛው ስንኝ በስምንተኛው ባር ሁለተኛ ምት ላይ ይወድቃል። አራተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ደግሞ፣ ተአምር በሚመስል ሁኔታ፣ የአሥራ ሁለተኛው ባር መጀመሪያ ላይ ተስተካክሎ ይገኛል። ብዙ ሰው «አንዳንዴ ይስተካከላል አንዳንዴ ይበላሻል» እያለ ኮምፒውተሩን የሚረግመው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅቷ 11ዱን 12 ለማድረግ በየስንኙ መጨረሻ አንድ ምት እረፍት ጨመረች። በሒሳብ ተስተካከለ። በእሹሩሩው ግን ልጁ ነቃ።

አንዲት ምት እንዲህ ልታስጨንቅ ይገባል ወይ የሚል ይኖራል። ይገባል። ይህ ወረቀት አሜሪካ ሲደርስ አክስትየው ከልጅነቷ የምታስታውሰው ዜማ ስለሆነ በራሷ ታቃናው ይሆናል። አሁን የሚወለደው ልጅ አድጎ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው። አያቱ ቀጥ ብለው የሚሻገሩበት ቦታ ላይ እሱ ይቆማል፤ ያንንም ትክክለኛው ነው ብሎ ይይዘዋል። የኪቦርዶቻችን የተዘጋጁ የአጃቢ ምቶችም ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ በየቤቱ አያለሁ። የአራት ምቱ ወይም የቫልሱ ቁልፍ ይጫናል፤ ዘፈኑ በግድ ይገባበታል፤ ከወር በኋላ ልጁ ያለዚያ ቁልፍ መጫወት ያቅተዋል።

እንግዲህ መፍትሔው። ኖታው ውስጥ 3/4 እና 2/4 እየተፈራረቁ መጻፍ አለባቸው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስትራቪንስኪ በ1913 ፓሪስ ላይ ለመድረክ ባበቃው «የጸደይ ሥርዓት» የመጨረሻ ጭፈራ ውስጥ የምት ቁጥሩ በየባሩ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይቀያየራል። በርንስታይን በ1957 ለ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በጻፈው «አሜሪካ» በተባለው ዘፈን 6/8 እና 3/4 አንድ በአንድ ይፈራረቃሉ። የኛው ቅዱስ ያሬድ ዜማ ደግሞ ከነጭራሹ በባር አልታጠረም፤ ምልክቶቹ ከቃሉ በላይ ይሰፍራሉ፤ ርዝመቱን ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል።

ሶፍትዌሩ ላይ ስንመጣ፣ ቅደም ተከተሉ ነው ሁሉን የሚወስነው። ኖታ ከመጻፋችሁ በፊት በወረቀት ቁጠሩ፤ ከዚያ ባዶዎቹን ባሮች አዘጋጁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባሮች 3/4 ናቸው። አራተኛዋን ባር ጠቅ አድርጋችሁ ከምት ቁጥሮች ማኅደር 2/4ን ምረጡ። አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር፦ 2/4 ያላችሁት ለአንዲት ባር ይመስላችኋል፤ ለሶፍትዌሩ ግን «ከዚህ ጀምሮ» ማለት ነው። አምስተኛዋ ባር ላይ 3/4ን መልሳችሁ ካላስቀመጣችሁ ቀሪው ዘፈን በሙሉ በሁለት ምት ይቆራረጣል። እንዲህ እያላችሁ እስከ መጨረሻው ስንኝ ባዶውን ቤት ሠርታችሁ ጨርሱ፤ ኖታው ከዚያ ይግባበት።

የመጀመሪያውን ስንኝ ጽፎ ቀሪውን በኮፒ መለጠፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን እኔ በምጠቀምበት ሚዩዝስኮር 4 ኮፒ የሚደረገው ኖታው እንጂ የምት ቁጥሩ አይደለም። የምትለጥፉበት ቦታ ላይ 3/4 እና 2/4 አስቀድመው ካልተቀመጡ፣ ንጹሕ የነበረው ስንኝ ሲለጠፍ ይንሸራተታል።

ልጅቷ ግን ጽፋ ጨርሳለች። ከመጀመሪያው ትጀምር? አያስፈልጋትም። መጀመሪያ የጨመረቻቸው እረፍቶች የሌሉበትን ቅጂ ትክፈት፤ ማለትም ተንሸራተተ ያለችውን። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደች ታስተካክል። አራተኛዋ ባር ላይ 2/4 ስታደርግ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለጊዜው በሁለት ሁለት ምት ይከፋፈላል፤ አትደንግጥ፤ ኖታ አይጠፋም። አምስተኛዋ ላይ 3/4 ስትመልስ ሁለተኛው ስንኝ ከባሩ መጀመሪያ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ስምንተኛዋ ላይ 2/4፣ ዘጠነኛዋ ላይ 3/4፣ እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው። ከኋላ ወደ ፊት ከሄደች ግን ትጎዳለች። አምስተኛዋ ባር ላይ ቀድማ 3/4 አስቀምጣ በኋላ አራተኛዋን 2/4 ብትላት፣ ሶፍትዌሩ በመካከል የቀረውን ሦስት ምት በሁለት ቁና ይሰፍረዋል። አንድ ሙሉ ባርና አንድ ግማሽ ባር ይሆናል፤ ግማሹን በእረፍት ይሞላዋል። ያቺ አስቸጋሪ ዝምታ በሌላ በር ገባች ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊት። ያቺ ሁለት ምት በእርግጥ ሁልጊዜ ሁለት ናት ወይ? አንድ ቅጂ አይበቃም። አያትየው በሌላ ቀን፣ ባይሆን ደግሞ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ ሳይጨነቁ ሲያንጎራጉሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀዳ። በየቀኑ ሁለት ከሆነች የዜማው ናት፤ በምት ቁጥር ትጻፍ። አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን ሁለት ተኩል ከሆነች ግን ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽ ደግሞ በምት ቁጥር አይጻፍም። ለሱ ፌርማታ የሚባል ምልክት አለ፤ ቅስትና ከሥሩ ነጥብ። አዎ፣ አውቶቡስ የምንጠብቅበት ፌርማታ ነው፤ ጣሊያንኛው «ማቆሚያ» ማለት ነው። ከኖታው በላይ ስታስቀምጡት ሶፍትዌሩ ሲያጫውት ኖታውን ያስረዝመዋል፤ ምን ያህል እንደሚያስረዝመውም ማስተካከል ትችላላችሁ። በላኩልኝ ቅጂ ውስጥ ስንኞቹ ሁሉ በሁለት ምት ነው የሚሻገሩት፤ የመጨረሻው ስንኝ ብቻ ሳብ ይላል። የመጨረሻው ላይ ፌርማታ ነው የምመክረው።

ስለ 6/8ም የሚጠይቁኝ ስላሉ አብሬ ልመልስ፤ ችክችካ ያለበትን ዘፈን ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ይገጥመዋል። 6/8 እና 3/4 ሁለቱም ስድስት ስምንተኛ ኖታ ይይዛሉ፤ ቁናው እኩል ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ብትተኩ ከቦታው የሚነቃነቅ ነገር የለም። የሚቀየረው አከፋፈሉ ነው፤ 6/8 ሦስት ሦስት እያደረገ ለሁለት፣ 3/4 ሁለት ሁለት እያደረገ ለሦስት ይከፍላል። ኖታዎቹን የሚያያይዘው አግዳሚ መስመርም በዚያው ልክ ይቀየራል። ሰው ሲያጨበጭብ ሁለት ጊዜ ካጨበጨበ 6/8 ነው፤ ሦስት ጊዜ ካጨበጨበ 3/4። ከበሮውና ጭብጨባው ሁለቱን ደርበው የሚሄዱበት ዘፈን ላይ የምት ቁጥሩን በየባሩ መቀያየር ወረቀቱን ከማጨናነቅ ያለፈ ፋይዳ የለውም፤ አንዱን መርጦ መጽናት ነው።

ከ2/4 ወደ 6/8 መሻገር ግን ሌላ ጣጣ አለው። የማስተምረው አንድ ልጅ የሠርግ ዘፈን ሲጽፍ፣ «አዝማቹ ላይ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ይደክመዋል» አለኝ። ነገሩ ይህ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ሩብ ኖታ ተብሎ ነበር የተጻፈው። 2/4 ላይ እያንዳንዱ ምት ሩብ ኖታ ስለሆነ ጭብጨባው በደቂቃ 80 ነው። 6/8 ላይ ግን አንድ ጭብጨባ ሦስት ስምንተኛ ኖታ፣ ማለትም ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ ይሆናል። ሶፍትዌሩ የሩብ ኖታውን ፍጥነት ሳይነካ ስለሚቀጥል ጭብጨባው ወደ 53 ይወርዳል። እስክስታ ሊወርድ የተነሳ ሰው መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ 6/8 የሚጀምርበት ባር ላይ አዲስ የፍጥነት ምልክት ማስቀመጥ ነው፤ ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ 80 ይሁን። በሩብ ኖታ ሲታሰብ 120 መሆኑ ነው፤ ለጆሮ ግን ጭብጨባው አይቋረጥም።

ባሮቹ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ካያችሁ፣ ያ ባር ከተጻፈው የምት ቁጥር ይበልጣል ወይም ያንሳል ማለት ነው፤ ሲታተም ወረቀቱ ላይ አይወጣም። በባሩ ባሕርይ ማስተካከያ መስኮት ውስጥ ሁለት መጠኖች አሉ፤ አንዱ በስም የተጻፈው፣ ሌላው ባሩ በእርግጥ የሚይዘው። ሁለተኛውን ብቻ በመቀነስ 3/4 የሚል ጽሑፍ ሳይቀየር ሁለት ምት የምትይዝ ባር መሥራት ይቻላል። ዘፈን ከባሩ በፊት በአንዲት ምት ሲነሳ ለመጻፍ የምንጠቀምበት መንገድ ነው፤ ጥሩ ነው። ለዚህ እሹሩሩ ግን አልመክረውም። ኮምፒውተሩ በትክክል ያጫውታል፤ ወረቀቱን የሚያነበው ልጅ ግን ሦስት ሊቆጥር ተዘጋጅቶ ሁለት ያገኛል፤ ማንም አልነገረውም።

ፋይል ስትከፍቱ አንድ ባር ጎዶሎ ነው፣ ይህን ያህል ተጠብቆ ይህን ያህል ተገኘ የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ የባሩ ውስጣዊ ቆጠራ ተበላሽቷል። የባሩን ቁጥር ጻፉ፤ ያቺን ባር ከነመስመሯ አጥፍታችሁ አዲስ አስገቡና ውስጧ ያለውን እንደገና ጻፉ። እላዩ ላይ መጠገን ጊዜ ማባከን ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው እንዳይጠፋም ፋይሉን በየቀኑ በሌላ ስም ማስቀመጥ አይከፋም።

ልጅቷ ኖታውን በአሥራ ስድስተኛ ኖታዎች ነው የጻፈችው፤ ገጹ በትናንሽ ጭራዎች ተሞልቷል። ሩብ ኖታን አንድ ምት ብታደርገው ይሻላል፤ ፍጥነቱን በቁጥር ማስተካከል ይቻላል። ስትራቪንስኪም ቢሆን ያንን የመጨረሻ ጭፈራ በ1943 ሲያሻሽለው አሥራ ስድስተኛ የነበሩትን በስምንተኛ ኖታ ጽፏቸዋል፤ ለተጫዋቾቹ ዓይን እንዲቀል።

ግጥሙን ከኖታው ሥር በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የመጀመሪያውን ኖታ መርጣችሁ ኮንትሮልን ከኤል ጋር ስትጫኑ መጻፊያው ይከፈታል፤ ቃሉ ሲያልቅ ክፍተት፣ በቃሉ መካከል ጭረት እየተጫናችሁ ወደሚቀጥለው ኖታ ታልፋላችሁ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ የግጥሙን የፊደል ዓይነት ኒያላ ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለው አድርጉት።

ሲያልቅ አያትየው ይስሙት፤ ግን ወረቀቱን አታሳዩአቸው፣ ስለ ሁለት ምትም አትንገሯቸው። ዝም ብላችሁ አጫውቱና ፊታቸውን ተመልከቱ። አብረው ማንጎራጎር ከጀመሩ ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደሚቀድማቸው ወይም እንደሚቀር ወዲያው ይሰማችኋል፤ የባሩን ቁጥር መዝግቡ። ወደ አሜሪካ ሲላክ ሦስት ነገር ይሂድ፤ ለማተም ፒዲኤፉ፣ ሌላ ሶፍትዌር ያለው ሰውም እንዲከፍተው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል የሚባለው ፋይል፣ ደግሞም የአያትየው የስልክ ቅጂ። መካከለኛውን ችላ አትበሉት። ፊናሌ የተባለው ስመ ጥር የኖታ ሶፍትዌር ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከእንግዲህ አይሻሻልም ተብሎ ተነግሯል፤ በራሱ የፋይል ዓይነት ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች ሥራቸውን ለማውጣት ሲሯሯጡ ነበር።

ከርዕሱ በስተቀኝ ሶፍትዌሩ የደራሲ ስም የሚጻፍበት ቦታ ይሰጣል። ልጅቷ ባዶ ትታዋለች። እዚያ ላይ የአያቷን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ያደጉበትን አካባቢ፣ «ከእናታቸው የተቀበሉት» የሚለውን፣ የተቀዳበትን ወርና ዓመት ትጻፍበት። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ኖታውን የጻፈችው» ብላ የራሷን ስም።